የባሕር ውሃና መርዶ

ሰኞ፣ መጋቢት 17 ቀን 1982

አልነገርኋትም። ቃሉን መኪና ውስጥ ሆኜ ከቢሮ እስከ ቤት ሳስተካክል መጥቼ ነበር። በሩን ስከፍት ልጄ ሶስና እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ በመስታወቱ ገንዳ ላይ አጎንብሳለች። «አባዬ፣ ቀስ በል፤ እየበሉ ነው» አለችኝ። ኮቴን ሳላወልቅ ቆምሁ።

ነገሩን ቢያንስ ለዚህ ወረቀት በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ጠዋት ችሎት እንደተነሣ አንድ ወጣት መርከበኛ ቢሮዬ ገባ። በቀለ ይባላል። ግራ እጁ እስከ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ምጽዋ ላይ በሶስና ባል፣ በይልማ ሥር ሲያገለግል ቆስሎ፣ በጀልባ አሰብ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደዚህ ሆስፒታል የተላከ ነው። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም።

«ክቡር ዳኛ፣ አዛዤ…» አለና ቀጣዩ ቃል ጠፋው።

እኔም የለመድሁትን ጠየቅሁ። አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? «አይቻለሁ።» ቅርብ ነበርህ? ደኅናውን እጁን ዘረጋ፤ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ አየር ላይ ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገው። «ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ» አለ።

ዕድሜዬን የምስክር ቃል ስመዝን ኖሬአለሁ። እንዲህ የተሟላ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ምነው ጉድለት ባገኝበት ብዬ እንዲህ የተመኘሁትም የለም።

ከሰዓት በኋላ ከበላይ ተጠራሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። የጠራኝ ሹም ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። «ጓድ ግርማ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ስለ ምጽዋ ወደብ ገና በይፋ ያልተነገረ ነገር አለ፤ በእርስዎ ደጃፍ ድንኳን ቢተከል ከተማው ምን ይላል? እስኪጣራ ይታገሡ። ለቤተ ሰብም ቢሆን። «ተጣርቷል» አልሁት። «በይፋ» አለኝ።

እንግዲህ ይህን ይዤ ገብቼ ነው ቀስ በል የተባልሁት። ሶስና የአየር ፓምፑን አጥፍታ፣ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በባሕሩ ውሃ በጥብጣ፣ በዓይን መድኃኒት ማንጠብጠቢያ ወደ እያንዳንዱ ኮራል፣ ወደ ድንጋይ መሳዩ የባሕር እንስሳ አፍ፣ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። እታለሜ፣ ታላቅ እኅቴ ዘነበች፣ ከጓዳ ሆነው ይቆጣሉ፦

«በሁዳዴ እንቁላል! በዚህ ቤት ከድንጋይ በቀር ጾም የሚገድፍ የለም!»

«እትዬ፣ ድንጋይ አይደለም፤ ነፍስ አለው።»

«ነፍስ ካለውማ ይጹም!»

ሶስና ሳቀች። ከምጽዋ ወሬ ከጠፋ ወዲህ ከሳቀች ሰንብታ ነበር። በዚያ ሳቅ ላይ ምን ልበል?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18

ጎሕ ሲቀድ እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስሕተት ነበር።

በዚህ ሰፈር መርዶ ሲኖር የሚቀሰቀሰው ሰው እኔ ነኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላስታውስም፤ ንግግሬ የተመጠነ ነው ይሉኛል። ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ ይቆማሉ፤ እኔ አንኳኳለሁ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነውና፣ ካፖርቴን ለብሼ ጎሕ ሲቀድ መታየቴ ለሰው ምን እንደሚመስል ማሰብ ነበረብኝ። ልጃቸው ሰሜን ጦር ግንባር ያለው ወይዘሮ ታየች በራፋቸውን ሲጠርጉ አዩኝ። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ዳቦ ልገዛ ነው» አልኋቸው ከሩቅ። ደግሜም «ዳቦ ብቻ ነው፣ ወይዘሮ ታየች» አልሁ።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በኋላ ሲስቁ ዕንባቸው ወረደ። «ጋሼ ግርማ፣ በገብርኤል ይዤዎታለሁ፣ ዳቦዎን በሠራተኛ ያስገዙ» አሉኝ።

ዳቦ ሳልገዛ ተመለስሁ።

ኮራሎቹ ግን ደኅና አይደሉም። ትላንት ሶስና የመገበቻቸውን ግማሹን ተፉት። ትልቁ፣ እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ያለው፣ ከተጨማደደ ሳምንት አልፎታል። ጣት የሚመስሉ ነጫጭ ቀንበጦቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ የተላጠ ቆዳ መስሏል። ይልማ በየፈቃዱ ሲመጣ አንዱን ትንሽ ድንጋይ በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ፣ የባሕር ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ይመጣ ነበር። አሁን ውሃ የሚያመጣ የለም። ያለው ውሃም በየቀኑ ይቀንሳል። ሶስና ትምህርት ቤት ስትውል እኔ በበኩሌ የጎደለውን እሞላለሁ፤ የፈላ ውሃ አቀዘቅዝና የአሰብ ጨው አሟሙቼበት እጨምራለሁ። ዛሬም ጨመርሁ። ምንም ነገር በእጄ ማድረግ መቻሌ ብቻውን ያጽናናኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የሚደረገውን ይልማ ለሁላችን አስተምሮናል። የተነፋ የመኪና ከመነዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ከቀጭን ቱቦ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል፤ አፉን ላላ ሲያደርጉት አየሩ በቱቦው ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይገባል። እታለሜ ደግሞ ገንዳው እንዳይበርደው ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት። ድንጋይ ሲሉ የዋሉትን! ሳሎናችን ሕመምተኛ የተኛበት ቤት መሰለ።

መብራቱ ሲመጣ ጋቢውን ሳነሣ ይልማን ገንዳው ውስጥ አየሁት። ከትከሻው በላይ፣ በነጩ የባሕር ኃይል ልብሱ፣ በኮራሎቹ መካከል ሆኖ ያየኛል። ዞር አልሁ። ከወዲያኛው ግድግዳ የተሰቀለው የሠርግ ፎቶግራፍ ነው፤ መብራቱ በዚያ በኩል ሲበራ መስታወቱ ላይ ይወድቃል። ዘወትር ይወድቅ ነበር ማለት ነው። ልብ ያልሁት ዛሬ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 19፣ ገብርኤል

ዛሬም አልነገርኋትም። ምክንያቶቼን ልጻፋቸው፤ ተጽፈው ሲታዩ ምን እንደሚመዝኑ ልይ።

የበላይ ትእዛዝ አለ።

ጾም ነው፤ ሰውነቷ ደክሟል።

ተማሪዎቿ ፈተና ላይ ናቸው።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አንድ ተከራካሪ ፊቴ ቢያቀርባቸው በትሕትና ወደ ጎን አደርጋቸው ነበር። የመጀመሪያውንም ቢሆን…

እታለሜ በማለዳ ለገብርኤል ወጥተው ነበር። ቢጫ ጀሪካን ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። ከሥራ ስገባ ጀሪካኑ ባዶውን ጓዳ ተደፍቷል፤ ገንዳው ሥር ያለው ወለል ረጥቧል፤ እታለሜ ሶፋው ላይ ዐይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያ ይዘዋል።

«እትዬ፣ ይህ ውሃ ከየት መጣ?»

«የቱ ውሃ?»

«ወለሉ ላይ ያለው።»

«ገንዳው አልቦት ይሆናላ። ሰው እንኳ ያልበዋል» አሉኝ፤ ዐይናቸውን አልገለጡም።

ማታ ኮራሎቹ ነጭ ልጋግ ለቀቁ። ሶስና ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሁልጊዜ ከምግብ በፊት ይልማ መስታወቱን በጥፍሩ ጫፍ ሦስቴ ቀስ አድርጎ ይነካ ነበር፤ ኮራል የሚሰማ ይመስል። እሷም እንደዚያ ነካች። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር እንዲህ አለች፦ «እነዚህ ከሞቱ እሱም ሞቷል ማለት ነው ብዬ እንዳላስብ ራሴን እየከለከልኩ ነው፣ አባዬ። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን አስበዋለሁ።»

በዚህች ቅጽበት መናገር ይቻል ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። «ተኚ፤ ደክሞሻል» አልኋት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 20

ጩኸት ቀሰቀሰኝ። አንድ ሰው ቀድሞኝ ነገራት ብዬ በሌሊት ልብሴ ሮጥሁ።

ሶስና ሳሎን መካከል እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ትልቁ ኮራል ተከፍቷል። ሙሉ በሙሉ። ባርኔጣው ተዘርግቶ፣ ቀንበጦቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ይወዛወዛሉ። ትንንሾቹም ተከትለውታል።

እታለሜ ከኋላዬ መጡና እልልታቸውን አቀለጡት። «ገብርኤል ነው! አልናገርም ብዬ ነበር፤ ትላንት ጸበሉን ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ! በይልማ ስም፣ ሙሉ ጀሪካን!» ሶስና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሷም እልል አለች። ከዚያ እኔን አቀፈችኝ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበርሁ። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ቆሜ ነበርሁ፤ ጀርባዋንም መታ መታ አደርግ ነበር።

ቁርስ ላይ ውሳኔዋን ነገረችን። እሑድ ወደ አሰብ የሚወርድ የቦቴ መኪና ሾፌር አግኝታለች፤ ሚስቱ የሥራ ባልደረባዋ ናት። ከምጽዋ በባሕር የወጡ ቁስለኞች አሰብ ሆስፒታል አሉ ይባላል። ሄዳ አልጋ ለአልጋ ትፈልገዋለች። «በሕይወት አለ፤ አሁን ገባኝ» አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ብርሃን ከሠርጓ ቀን ወዲህ ያላየሁት ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ስለሚሆነው በየሳምንቱ መዝገብ ይቀርብልኛል። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ በነዳጅ መኪና፣ በዚያ በረሃ።

ሁለቱም ሲወጡ ወደ ገንዳው ተጠጋሁ። ይልማ የተወው የጨው መለኪያ አለ፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀጭን ብርጭቆ ነው። ልክ የሆነውን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጎበታል። ውሃው ጨው ሲበዛበት ብርጭቆው ሽቅብ ይወጣል፤ ሲቀንስ ይሰምጣል። ሳየው ልክ ቀይዋ ምልክት ላይ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት በጣት ከፍታ ወጥቶ እንዳየሁትና ደኅና ምልክት ነው ብዬ እንዳለፍሁት ትዝ አለኝ።

ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ባሕር ሲደርቅ የሚሄደው ውሃው ነው፤ ጨውማ ይቀራል። ጨው የሚመረተውም እንዲሁ ነው፤ ይህን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል። እኔ ከቀረው ጨው ላይ ጨው ስጨምር ከረምሁ። ኮራሎቹን እየገደልሁ የነበርሁት እኔ ነኝ፤ እታለሜ ያፈሰሱት ጀሪካን ሙሉ ጨው የሌለው ውሃ ደግሞ መለሳቸው። ልጄም በዚህ ተነሥታ ወደ በረሃ ልትሄድ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 21

ስለ ጨው ነገርኋት። ከዚያ ልጀምር ብዬ ነው፤ ከትንሹ እውነት ወደ ትልቁ ለመሻገር።

በጥንቃቄ አስረዳኋት። መለኪያውን አሳየኋት። ፊቷ ይጠቁራል ብዬ ስጠብቅ በሳቅ ፈረሰች። «አባዬ! ጨው? አንተ? ዳኛው?» እታለሜን ጠርታ ነገረቻቸው። እታለሜ ቅንጣት አልተደናገጡም።

«ታዲያ ገብርኤል ምን አለ? ያ ሰውዬ ጨው ሲያበዛበት አንቺ ጸበል አፍስሺበት አለኝ።»

ሶስና ዕንባዋን እየጠረገች «እሱም ትክክል ነው» አለች። «ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ደስታዬ ግን አልሄደም። ምን ላድርገው?»

መለኪያውን ወደ ቦታው መለስሁ።

ከሰዓት በኋላ «ሳልሄድ አሠራሩን ላስተምርህ» አለችኝ። ስታስተምር የተማሪዎቿ አስተማሪ ናት፤ እንድጽፍ አደረገችኝ።

ከመመገብ በፊት ፓምፑ ይጠፋል፤ አለዚያ ምግቡ ይወሰዳል።

አስኳሉ ውሃውን ካደፈረሰው በማግስቱ ምግብ የለም።

ውሃ ሲጎድል ተቀድቶ ያደረ የቧንቧ ውሃ። ጨው በፍጹም። (ይህን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።)

ኮራል ማባዛት፤ ምላጭ፣ ክር፣ ትንሽ ድንጋይ።

የመጨረሻውን በተግባር ነው ያሳየችኝ። ትልቁ ኮራል እያደገ ጎረቤቶቹን እያጠላባቸው ስለሆነ ከጠርዙ መቀነስ አለበት። ምላጩን እኔ እንድይዝ አደረገች። ከጠርዙ አስጠግቼ መልሼ አነሣሁት።

«አትፍራ። አንድ ጊዜ፣ ሳታመነታ። ስታመነታ ነው የሚቀደደው።»

ቆረጥሁ። ቆዳ መቁረጥ ይመስላል። ወዲያው ትልቁ ተኮማተረ፤ የተቆረጠውም እጄ ላይ ተሸበሸበ፤ ኃይለኛ የባሕር ሽታ ቤቱን ሞላው። እሷ ቁራጯን ትንሽ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ በስፌት ክር ላላ አድርጋ አሰረቻት። ከጠበቀ ክሩ ይበላታል፤ በጣም ከላላ ታመልጣለች፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየች ራሷ ድንጋዩን ትይዘዋለች፤ ያኔ ክሩ ይወጣል።

ክሩን ስትቋጥር ጣቴን በቋጠሮው ላይ እንድጫን ነገረችኝ። ተጫንሁ። ፊቷ ከፊቴ በስንዝር ርቀት ላይ ነበር። «ስመለስ ይልማ አንተ ያባዛኸውን ሲያይ ምን እንደሚል አስበኸዋል?» አለችኝ።

አስቤዋለሁ፣ ልጄ። እሱን ብቻ ነው የማስበው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22

ነገርኋት።

በማለዳ አይደለም። ከሽማግሌዎች ጋር አይደለም። በቀትር፣ እኔ ብቻዬን። በማለዳ ካፖርቴን ለብሼ ክፍሏ ደጃፍ ብቆም አፌን ሳልከፍት ያልቅ ነበር፤ ያንን ፈራሁት። ለሌላው ሰው የምናገራቸው ቃላት አሉኝ፤ ሰውን ቀስ በቀስ ወደ መሬት የሚያወርዱ ቃላት። አንዱም አልመጣልኝም።

አልጋዋ ላይ ሻንጣ ተከፍቷል። የይልማን ሸሚዞች እያጠፈች ነው፤ አሰብ ስታገኘው የሚለውጣቸውን።

«ሶስና፣ ይልማ ሞቷል።»

ሸሚዙን አጥፋ ጨረሰች። አንገትጌውን አስተካከለች።

«ማን አለ?»

«አብሮት የነበረ ሰው። ዓይኑን የከደነለት።»

«መቼ ሰማህ?»

«ሰኞ።»

አሰበች። ስታስብ አየኋት፤ ቀኖቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ስትሄድባቸው።

«ጸበሉ ከመፍሰሱ በፊት?»

«በፊት።»

«ሐሙስ እልል ስንል?»

«አውቅ ነበር።»

«ትላንት ክሩን ስናስር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስደሰት እያየኸኝ» አለች። አልጮኸችም። ድምፅዋ እንዲያውም የእኔን፣ የችሎቱን ድምፅ ይመስል ነበር። «ለሰፈሩ ሁሉ በጊዜ የምትደርስ አባቴ። ለእኔ ዘገየህ።»

ስለ ትእዛዙ ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። ልጅ አባቷን ስትጠይቅ የበላይ አካል ምን አገባው?

«ሰውዬውን አምጣልኝ» አለች። «አንተን ብዙ አልጠይቅህም።» ከዚያ በሩን ዘጋች። አልወረወረችውም። ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

እታለሜ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። በእኔ ላይ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ ጓዳ ሄዱ። ማታ ገንዳውን ማንም አልመገበም። ፓምፑ ብቻ ይንጨረጨራል። የሠርጉን ፎቶግራፍ ላዞረው እጄን ዘርግቼ፣ መብት የለኝም ብዬ ተውሁት።

እሑድ፣ መጋቢት 23

በቀለን ከሆስፒታል በመኪናዬ አመጣሁት። መንገዱን ሁሉ አልተነጋገርንም። ሳሎን ስንገባ ሶስና ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። እሱ ቆሞ ሰላምታ ሰጣት፤ እሷ ከጎኗ ወንበር አሳየችው።

እንዴት ሞተ ብላ አልጠየቀችም።

«ጠምቶት ነበር?»

«አልጠማውም፣ እኅቴ። ጠዋት ሻይ ጠጥተናል።»

«ስኳር ነበረው?»

«አልነበረውም። እሱ ግን ስኳር እንዳለው ሁሉ ሲያማስለው ነበር፤ እኛን ሊያስቀን።»

እታለሜ ፊታቸውን ሸፈኑ። ሶስና ራሷን ነቀነቀች። «ሌላስ ምን ያወራ ነበር?»

በቀለ አመነታ። «ቅር እንዳይልሽ። ሚስቴ አዲስ አበባ ላይ ባሕር ታሳድጋለች ይለን ነበር። በእንቁላል ትቀልባቸዋለች፤ በምላጭ ቆርጣ ታባዛቸዋለች። እኛማ እንስቅበት ነበር፤ በዚያ ከፍታ ባሕር የታለ እያልን። ነገሩን ሲያጋንን ነው የመሰለን…» ይህን እያለ በሶስና ትከሻ በኩል ገንዳውን አየ። ቃሉ ተቋረጠ። ተነሥቶ ሄደ፤ መስታወቱ ፊት ተንበረከከ። «እውነቱን ነው እንዴ!» አለ። «እውነቱን ነበር!»

በጦር ሜዳ ያላለቀሰው ልጅ እዚያ አለቀሰ። ያን ጊዜ ሶስና ጮኸች። ይህን ጩኸት በሰው ቤት ደጃፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ከውጭ ሆኜ ነበር።

ጎረቤት ለመሰብሰብ መጠራት አላስፈለገውም። መጀመሪያ የደረሱት ወይዘሮ ታየች ናቸው። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ደምሴ ግን እኔን ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ጋሼ ግርማ፣ ድንኳኑን ልናወጣ ነው። ግን… ከበላይ የተባለ ነገር አለ እያሉ ያወራሉ። ፈቃድ ጠይቀዋል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ካልተጠየቀ ማን ይከለክላል» አሉና ልጆቹን ጠርተው ካስማ ማስተከል ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ መኪና ከድንኳኑ ትይዩ ቆመ። ማንም አልወረደም። ውስጡ የነበሩት ሰዎች ጥቂት አይተውን ሄዱ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። በትሕትና የተነገረ ነገር ነበር፤ ሐዘንዎን በቤትዎ ይወጡ፤ እስክንጠራዎ ችሎት እንዳይሰየሙ። «ስለ ድንኳኑ ደግሞ እንነጋገራለን» አለ ድምፁ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። ከልቤ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰኞ፣ መጋቢት 24

ሶስና ማለዳ ተነሥታ ገንዳውን መገበች። ፓምፑን አጠፋች፤ አስኳሉን በጠበጠች፤ መስታወቱን አልነካችም። እኔ መብራቱን ያዝሁላት። ስትጨርስ «ያቺ ያሰርናት ሾልካለች» አለችኝ። ክሩ ላልቶ ቁራጯ አሸዋው ላይ ወድቃለች። ሌላ ክር አምጪልኝ ብላ እታለሜን ላከች፤ እኔን እንድጫን ግን አልጠራችኝም። ራሷ በጥርሷ ይዛ ቋጠረችው። ይህ ይቅርታ አይደለም። መብራቱን እንድይዝ መፍቀዷን ግን ቆጥሬዋለሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ዛሬ የማላውቃቸው ሰዎች መጡ። ከብስራተ ገብርኤል፣ ከለቡ፣ ከከተማው ወዲያ ማዶ። በመጀመሪያ ዘመድ መስሎኝ ነበር። አንዷ እናት ከነጠላዋ ሥር ፎቶግራፍ አወጣች። ከምጽዋ የመጣ መርከበኛ እዚህ አለ ተብሎ ተወርቷል። በቀለ የተቀመጠበት ጥግ ሰው አይለየውም፤ ፎቶግራፍ ያሳዩታል፤ ስም ይነግሩታል። ለሁለት ሰዎች የሚያውቀውን ነገራቸው። እዚያው፣ በእኛው ድንኳን፣ አለቀሱ። ለሌሎቹ «አላውቀውም፣ እናቴ» ይላል። ይህን ለማለት ጉልበት ሲያጣ አየሁት።

አመሻሹ ላይ ከፉሪ አንድ ገበሬ መጡ። ኦቦ ገመዳ ይባላሉ። አቧራቸውን አራግፈው፣ ዱላቸውን ከደጅ አስቀምጠው ገቡ። የልጃቸውን ስም ለበቀለ ነገሩት። በቀለ ስሙን ደግሞ ለራሱ አለው።

«አላውቀውም፣ አባቴ።»

«ሞቷል አላልክም።»

«አላልኩም።»

«አለም አላልክም።»

«አላልኩም።»

ኦቦ ገመዳ ዙሪያውን አዩ። «እንዲህ ከሆነ እኔ እዚህ ምን ብዬ ነው የምቀመጠው?» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁት። ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የምናገር እኔ ነኝና።

የተነሣችው ግን ከሴቶቹ መካከል ሶስና ናት። ድንኳኑን አቋርጣ መጥታ በክንዳቸው ይዛ ከጎኗ ቦታ አስለቀቀችላቸው። «አያልቅሱ፣ አባባ» አለቻቸው። «እኛ ዘንድ ሆነው ይጠብቁ።» ተቀመጡ። እህል አቀረቡላቸው፤ በሉ።

አቶ ደምሴ ሊመሽ ሲል ጠየቁኝ። ሣልስቱ ነገ ነው፤ እንደ ልማዱ ድንኳኑን ከሰዓት በኋላ እናንሣው? ደግሞም በበላይ በኩል ያለው ነገር… ሶስና ሰምታናለች። መልሱን ከእኔ እየጠበቀች ቀጥ ብላ አየችኝ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ፊቴን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አታንሡት» አልሁ። «ሌላ ካላችሁም ጨምሩ፤ ቦታ ጠቧል።»

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ኦቦ ገመዳ መንገዱ ጨልሞባቸው እዚሁ ያድራሉ። ነገ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ አላውቅም፤ ድንኳኑ ውስጥ ሊቀመጥ የሚመጣው፣ ወይስ ሊያስነሣው የሚመጣው። ለሁለቱም በሩን ራሴ እከፍታለሁ።